ጅግጅጋ የቀረችው መካኒክ

ጅግጅጋ፣ ሰኔ 2010 ዓ.ም.

ውድ ኢስተሂል፣

ይህን ወረቀት ይዞልሽ የሚመጣው ቢሌ ነው። ሐርጌሳ ዕቃ ሊጭን እንደሚሄድ ሲነግረኝ "ደብዳቤ ታደርስልኛለህ?" አልኩት። "ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን ያደርጋል?" ብሎ ሳቀብኝ። ስልክማ አለ። ግን እኔና አንቺ በስልክ የምንባባለውን ታውቂዋለሽ። "ደህና ነሽ?" "አልሐምዱሊላህ።" "ሥራስ?" "አለ።" "ዝናብ ጣለ?" "ትንሽ።" ከዚያ አንዳችን ካርዴ ሊያልቅ ነው እንላለን። ዋናውን ነገር ልጀምር ስል ደግሞ ከሩቅ ታውቂብኝና "ተዪው አባዮ" ትይኛለሽ። በቋንቋሽ እህቴ ስትይኝ አፌ ይያዛል። ወረቀት ላይ ግን መሐል ገብተሽ ልታስቆሚኝ አትችዪም። የጻፍኩልሽ ለዚህ ነው።

ሰሞኑን መካኒክ ስፈልግ ከረምኩ። ለሥራ የመጣ ሰው ፊቴ በተቀመጠ ቁጥር ያ የመጀመሪያው ዓመት ይመጣብኛል። ከዚያ አንቺ ትመጫለሽ፤ አንቺን ተከትለው እናትሽ ይመጣሉ። ሰውዬው ስለ ልምዱ ያወራል፤ እኔ ግን አልሰማውም።

ታስታውሻለሽ፣ አባቴ ሲሞት የተወልኝ የመለዋወጫ ሱቁንና ከጀርባው ያለውን ባዶ ግቢ ነበር። ዘመድ ሁሉ ግቢውን ለመጋዘን አከራዪው አለኝ። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ በሱቁ መስኮት የማየው አንድ ነገር ነበር፤ ወደ ቶጎ ውጫሌ የሚወርድ የጭነት መኪና ይበላሻል፣ ባለቤቱ አባቴ ጋ መጥቶ ዕቃውን ይገዛል፣ ከዚያ የሚገጥምለት አጥቶ መኪናውን እስከ ሐረር ያስጎትታል። ዕቃው እዚህ፣ እጁ ሐረር። ስለዚህ ጋራዥ እከፍታለሁ አልኩ። ጉድጓዱን አስቆፈርኩ፣ ጣራውን በቆርቆሮ አስመታሁ፣ መፍቻውንና ክሪኩን ገዝቼ ደረደርኩ። የቀረኝ ሰው ብቻ ነበር። ሰው ግን ከቆርቆሮውም ከጉድጓዱም የባሰ ሆነ።

ማስታወቂያ ያልለጠፍኩበት ግድግዳ አልነበረም። የመጡትን ብታዪ! አንዱ ሹፌር ነበር፤ መኪና መንዳትና መኪና ማዳን አንድ መስሎታል። ሌላው ኮፈኑን ሳይከፍት ከውጭ ሆኖ "ሞተሩ ይውረድ" ይላል፤ ያመጣሁለት መኪና ሁሉ ሞተሩ እንዲወርድ ይፈልጋል። አዲስ አበባ በሰው በሰው ያገኘሁት አንድ የተመሰገነ ባለሙያ ደግሞ በስልክ "ጅግጅጋ ሙቀቱን እችለው ይሆን?" አለኝ። የካራማራን ነፋስ ለብሰን የምናድር ሰዎች መሆናችንን ለማስረዳት ሞከርኩ፤ አላመነኝም፣ ቀረ።

ተስፋ ስቆርጥ ነው ጋሽ ወልደሩፋኤል ጋ የሄድኩት። ያኔ ከሐረር መውጫ ላይ ዛፍ ሥር ነበር የሚሠሩት። የድሮው ጦር ጥገና ክፍል ውስጥ ያደጉ ሰው ናቸው፤ በ1983 ጦሩ ሲበተን ባልደረቦቻቸው ወደየአገራቸው ሲሄዱ እሳቸው እዚሁ ቀሩ። ከተማው ሁሉ ያውቃቸዋል። ግን ወገባቸው ተሰብሯል ይባል ነበርና እንደ መጨረሻ ተስፋ ነበር የያዝኳቸው።

"የሞተው ወገቤ ነው፤ ጆሮዬ አልሞተም" አሉኝ። "እኔ ቆሜ ሞተሩን እሰማልሻለሁ። ከሥር የሚገባ ሰው አምጪልኝ።"

"ማንን ላምጣ ጋሼ? የቀረ ሰው የለም እኮ።"

"ቀብሪበያ፣ ስደተኛው ሰፈር ውስጥ አንዲት ልጅ አለች። የውሃውን ጄኔሬተር ከአጎቷ ጋር የምትጠግን። አንድ ጊዜ ጠርተውኝ ሄጄ፣ ስደርስ ሠርታው አገኘኋት። ሻይ ጠጥቼ ተመለስኩ።"

"ሴት?" አልኩ።

ጋሽ ወልደሩፋኤል ከላይ እስከ ታች አዩኝና "አንቺ ምንድን ነሽ?" አሉኝ።

ይህን አልነገርኩሽም ነበር። አፍሬ ነው።

በማግስቱ በሚኒባስ ቀብሪበያ ወረድኩ። ቤታችሁን ያሳየችኝ ውሃ ቀድታ የምትመለስ ሴት ነበረች። በር ላይ የተቀበሉኝ ግን እናትሽ ናቸው። ወይዘሮ ባቱሎ! ገና ሳልቀመጥ ጥያቄ ጀመሩ። እኔ በገበያ ሱማሊኛዬ፣ እሳቸው በቀስታ፣ እንዲገባኝ ቃል በቃል። ልጄ የት ታድራለች? በሩ ከውስጥ ይቆለፋል? ከማን ጋር ትበላለች? ጁምዓ ጁምዓ ወደ እኔ ትመጣለች? ወንዶቹ ክፉ ቃል ቢናገሯት ምን ታደርጊያለሽ? ልቀጥር ሄጄ ተመረመርኩ። ስጨርስ ላቤ በጀርባዬ ይወርድ ነበር። አንቺ ማዕዘኑ ላይ ቆመሽ ከንፈርሽን ነክሰሽ ሳቅሽን ትይዣለሽ። በመጨረሻ እናትሽ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ያኔ ብቻ አንቺ አፍሽን ከፈትሽ።

"መሣሪያው ሙሉ ነው?" አልሽኝ በአማርኛ።

"ሙሉ ነው።"

"እሺ።"

አለቀ። ቅጥሩ ይኸው ነበር።

ለነገሩ ቅጥርም አልነበረም። በስደተኛ ካርድ ሰው መቅጠር አይፈቀድም ነበርና ቢሮ ሄጄ ብለምን አንዱ ሠራተኛ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ "መቅጠር ክልክል ነው። እንግዳ ማሳደር ግን ማንም አልከለከለም" አለኝ። ስለዚህ አንቺ ለመንግሥት እንግዳዬ ነበርሽ። የጋራዡን ሥራ ሁሉ ያንቺ እጅ እየሠራው፣ ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ፣ እንግዳዬ። በእናትሽ ጀርባ ታዝለሽ ድንበር ከተሻገርሽ ጀምሮ ራሽን እየተሰፈረልሽ ያደግሽ ልጅ፣ ሥራ ስትይዢም ስምሽ እንግዳ ሆነ። ያኔ በብልሃታችን እንስቅ ነበር። አሁን ሳስበው አያስቀኝም።

ቢሌን ያገኘንበትን ቀን እሱ ራሱ ለሰው ሁሉ እያወራው ስለሆነ አልረሳሽውም። ከድሬዳዋ ዱቄት ጭኖ ካራማራ ዳገቱ ላይ መኪናው እምቢ አለው። ደወለልን፤ እኔ፣ አንቺና ጋሽ ወልደሩፋኤል በአባቴ አሮጌ ፒካፕ ወጣን። ደመናው ጠቁሯል፣ ነፋሱ ሸራውን እያንቀጫቀጨ ነው።

"መካኒኩ የታለ?" አለ ቢሌ።

ጋሽ ወልደሩፋኤል በአገጫቸው ወደ አንቺ አመለከቱ።

"ይህቺ? ጋሼ አይቀልዱ። ዱቄት ነው የጫንኩት፣ ዝናብ መጣብኝ። እርስዎ ይግቡ።"

ጋሼ ድንጋይ ፈልገው ቁጭ አሉ። "የኔ ወገብ አይታጠፍም። ወይ እሷን አስገባ፣ ወይ ዱቄትህን እዚሁ ጋግረህ ብላ።"

ገባሽ። ፊልትሮው ነው አልሽ፤ ቀየርሽው። መኪናው ተነሳ፣ ትንሽ ሄደ፣ ደግሞ ሞተ። ቢሌ "አላልኩም!" ብሎ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ወረወረ። እኔ ያን ጊዜ ወደ ሐረር ደውዬ ሰው ልጠራ ስልኬን አውጥቼ ነበር። አንቺ ግን ከሥር ወጥተሽ ፊቱ ቆምሽና "ተሳስቻለሁ። ሌላ ነገር ነው። እንደገና ልየው" አልሽው። ቢሌ ከሁሉ በላይ የገረመው ይኼ ነው። "ተሳስቻለሁ ያለኝ መካኒክ አይቼ አላውቅም፤ ሁሉም መኪናውን ነው የሚሰድቡት" ይላል እስከ ዛሬ። ከታንከሩ የሚመጣው ቱቦ ማሰሪያው ሥር ተሰንጥቆ በዳገት አየር ይስብ ነበር። በላስቲክ ጠምጥመሽ አሰርሽው። ዝናቡ ሲጀምር ቢሌ ቁልቁል ወደ ጅግጅጋ እየነዳ ነበር፤ ጡሩምባውን ሳያቋርጥ።

በሳምንቱ ሌላ መኪናውን ይዞ መጣና በሩ ላይ ሆኖ "መካኒኳ አለች?" አለ። ከዚያ ወዲያ ኢስተሂል ብሎ የጠራሽ የለም። ገበያ ስትሄጂ፣ ሚኒባስ ስትሳፈሪ፣ ሸደር ስደተኛ ጣቢያ የእርዳታ መኪና ልንሠራ ስንወርድ፣ "መካኒኳ መጣች" ነው። አንድ ቀን ቀብሪበያ ራሽን ሲታደል ጸሐፊው በካርድሽ ቁጥር ከመጥራት ፈንታ "መካኒኳ፣ ነይ" ብሎ ጠራሽ። እያለቀስሽ ነበር የነገርሽኝ። ለምን እንዳለቀስሽ ያኔ አልገባኝም። እኔ ስሜን ለማንም አስረድቼ የማላውቅ ሰው ነኛ።

ከዚያ በኋላ መካኒክ ስንቀጥር መርማሪዋ አንቺ ሆንሽ። "የተሳሳትክበትን መኪና ንገረኝ" ትዪያቸዋለሽ። የለም ያለ፣ በመጣበት ይመለሳል። አንዱ ደግሞ ተሳስቶ ያበላሸውን ሞተር ምንም ሳይደብቅ ተረከልሽ፤ እሱን በዚያው ቀን ቱታ አለበስሽው። በአንቺ ምርጫ የገቡት ሁሉ እስከ ዛሬ አሉ። ያ ጊዜ ጥሩ ጊዜ ነበር፣ ኢስተሂል። ጥሩ እንደነበር ያወቅሁት ካለፈ በኋላ ስለሆነ አሁን ልንገርሽ ብዬ ነው።

ከዚያ ድርቁ መጣ። ከቦምባስ እስከ ቀብሪበያ፣ ከዚያም ወዲያ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ የወደቀው ከብት ሽታ መስኮት አያስከፍትም ነበር። የውሃ ቦቴዎቹ ሌት ተቀን ይመላለሳሉ፣ ይሰበራሉ፣ ወደ እኛ ይመጣሉ። ጋሽ ወልደሩፋኤልን ደግሞ ወገባቸው አልጋ ላይ ጣላቸው። ሁሉ ነገር ባንቺ ትከሻ ላይ ሆነ። በዚያው ሰሞን ነው እናትሽ ለዓመታት ሲጠብቁት የነበረው የውጭ አገር ጉዳይ ተሳክቶ ሁለታችሁም እንድትሄዱ የተወሰነው።

መጀመሪያ ስትነግሪኝ አቅፌ ሳምኩሽ። እናትሽ ልባቸው ከደከመ ቆይቷል፤ እዚያ ሐኪም አለ። አንቺም ካርድሽ ላይ እንግዳ ያልተባልሽበት አገር ልታዪ ነው። ሻንጣ ልገዛልሽ እያሰብኩ ነበር። ከቀናት በኋላ ግን፣ የቦቴ ካምቢዮ አውርደሽ እጅሽ እስከ ክርንሽ ግራሶ ሆኖ ሳለ፣ ቀና ሳትዪ "እኔ አሁን አልሄድም" አልሽኝ።

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ሆዮ ትሂድ። በሽተኛ ስለሆነች እሷን ያስቀድማሉ። እኔ በኋላ እከተላለሁ፤ ቢሮውን ጠይቄያለሁ፣ ይቻላል ብለውኛል። ቦቴዎቹ እንዲህ ሆነው፣ አዴር ወልደሩፋኤል ተኝቶ፣ ማን ይሠራቸዋል?"

"አብደሻል? ይህን ዕድል ሰው ዕድሜውን ሙሉ ይጠብቀዋል። እኔ ሰው እፈልጋለሁ። ሂጂ!"

መፍቻውን አስቀመጥሽ። "ውሃው ብቻ አይደለም፣ አባዮ። እዚያ ስደርስ እኔ ማን ነኝ? እንደገና ቁጥር ነኝ። ትንሽ ልቆይ። መካኒኳ ሆኜ ትንሽ ልቆይ።"

"ሂጂ ነው የምልሽ!"

አየሽኝ። ከዚያ ያ ሳቅሽ መጣ። "አፍሽ ሂጂ ይላል፤ ዓይንሽ ግን ለነገ ቱታዬን እያጠበልኝ ነው።"

እኔም ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ ሂጂ አላልኩሽም።

እናትሽ የሄዱበትን ቀን ብዙ አላነሳውም። የአየር ማረፊያው ነፋስ ሻሻቸውን እየወሰደባቸው፣ ያን ነጭ የፕላስቲክ ቦርሳ ደረታቸው ላይ ይዘው፣ ከሌሎቹ ተጓዦች ጋር ተሰልፈው ነበር። አንቺን ለረጅም ጊዜ አቀፉሽ። ከዚያ እኔን ጠሩኝ። እንደ መጀመሪያው ቀን የሚጠይቁኝ መስሎኝ ተዘጋጀሁ። አልጠየቁኝም። እጄን ይዘው በሱማሊኛ "አማና ናት" አሉኝ፤ በኛ ቋንቋ አደራ ማለት እንደሆነ ሳይነግሩኝም ገብቶኛል። "አደራ" አልኩ እኔም። የተከበርኩ መስሎኝ ደረቴ ተነፍቶ ነበር።

ወር እንኳ አልሞላም። በጥር አጋማሽ ሬዲዮው እናትሽ የሄዱበት አገር ከሶማሊያ የሚመጣ ስደተኛ መቀበል ማቆሙን ተናገረ። ጋራዡ ውስጥ ሁላችንም ሰማን፤ ማንም ማንንም አላየም። አንቺ ለጊዜው ነው አልሽ። ቢሮው ጠብቂ አለሽ። ጠበቅሽ። እናትሽ በቪዲዮ ሲደውሉ ካሜራውን መያዝ አያውቁበትምና ግማሽ ግንባራቸውና ጣራው ብቻ ነበር የሚታየው። "ይህ በረዶ መቼ ነው የሚያልቀው?" ይሉሻል። "ያልቃል፣ ሆዮ።" "አንቺስ መቼ ትመጫለሽ?" "በቅርቡ፣ ሆዮ።" እኔ ከኋላሽ ሆኜ ዕቃ የምፈልግ መስዬ እቆማለሁ። አንድ ቀን እንኳ ወደ ስክሪኑ ቀርቤ ሰላም አላልኳቸውም። ዓይናቸውን ፈርቼ ነው። ግንባራቸው ብቻ እየታየም ዓይናቸውን ፈራሁ።

በነሐሴ፣ ጠዋት ላይ፣ አንቺ የጭነት መኪና ሥር ነበርሽ። ስልክሽ ጠራ፤ ተኝተሽ እንዳለሽ አነሳሽው። የእናትሽ ጎረቤት፣ እዚያ አገር ያለች ሱማሌ ሴት ነበረች። ድምፅዋ እስከኔ ይሰማል፤ ቃሉ ግን አይለይም። ብዙ አዳመጥሽ። "ሃየ፣ ሃየ" አልሽ፣ እሺ እሺ እንደማለት። ስልኩን ደረትሽ ላይ አስቀመጥሽ። ከዚያ መፍቻውን አንስተሽ የጀመርሻቸውን ብሎኖች ጨርሰሽ አጠበቅሽ፤ አንድ በአንድ። እኔ ከላይ ሆኜ ጥሩ ወሬ ነው ወይስ መጥፎ ብዬ እጠብቃለሁ። ወጣሽ፣ እጅሽን በጨርቅ ጠረግሽ፣ ለባለመኪናው "ጨርሻለሁ፣ ሂድ፣ በጎችህ ይጠማሉ" አልሽው። መኪናው ከግቢ ሲወጣ ጠበቅሽ። ያኔ "ሆዮ ሞታለች" አልሽኝ።

ቀብሪበያ ለለቅሶ የመጣነው እኔና ጋሽ ወልደሩፋኤል ነበርን። እሳቸው ሚኒባሱ ውስጥ ወገባቸውን ይዘው እያቃሰቱ አንድ ቃል አላማረሩም። አስከሬን የሌለበት ለቅሶ አይቼ አላውቅም ነበር። ወንዶቹ ሩቅ ለሞተ ሰው የሚሰገደውን ሰገዱ። እኔ በሴቶቹ መሐል ካጠገብሽ ተቀመጥኩ። እኛ ቤት ቢሆን ጮኼ፣ ደረቴን መትቼ፣ ወጥቶልኝ ነበር። እናንተ ዝም ብላችሁ ትቀመጣላችሁና እኔም ዝም አልኩ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ወደኔ ዞር ሳትዪ፣ ቀስ ብለሽ፦

"እዚያ አገር መቃብር የሚቆፍረው ማሽን ነው አሉ። እውነት ነው?"

"አላውቅም" አልኩሽ።

"በረዶ ላይ በእጅ አይቆፈርማ" አልሽ። "ማሽን ነው የሚሆነው።"

ከዚያ ሌላ ምንም አላልሽኝም። ያን ቀንም፣ ከዚያ በኋላም። ጠብቄ ነበር፣ ኢስተሂል። አንድ ቀን መፍቻውን ወርውረሽ "አንቺ ነሽ!" ትይኛለሽ ብዬ ጠበቅሁ። ብትይኝ እኔም እመልስልሽ ነበር፤ ሂጂ ብዬሽ ነበር እኮ እል ነበር፤ ተጨቃጭቀን ተላቅሰን ይወጣልን ነበር። አንቺ ግን ተመልሰሽ መጣሽ፣ ቱታሽን ለበስሽ፣ ሠራሽ። ሥራሽ እንደ ድሮው ነው። ብቻ ሰው "መካኒኳ" ሲልሽ ቀና አትዪም። በስምሽ እስኪጠራሽ ድረስ የማትሰሚ ሆንሽ። ያን ሳይ እውነቱ ገባኝ፤ ያ ስም ምን እንዳስከፈለሽ አንቺ ከኔ ቀድመሽ አውቀሽዋል።

በየካቲት "አጎቴ አደን ሐርጌሳ ጋራዥ ይዟል፤ ወደሱ ልሂድ" አልሽኝ። እኔ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ነበር። ልናገር የሚገባኝ ስንት ነገር ነበር! አትሂጂ ማለት እችል ነበር። እናትሽን አንድ ጊዜ እንኳ አብረን አላነሳናቸውም፣ ነይ ቁጭ በዪና እናንሳቸው ማለት እችል ነበር። የወጣው ቃል ግን "መቼ?" ነበር። እንደ አሠሪ። "ቅዳሜ" አልሽ። "እሺ" አልኩሽ። ቅዳሜ ጋሽ ወልደሩፋኤል እስከ መናኸሪያ ሸኙሽ፤ እኔ ደንበኛ መጣብኝ ብዬ ቀረሁ። ደንበኛ አልነበረም። የሱቁን በር ዘግቼ ተቀምጬ ነበር።

አሁን ወደ ጻፍኩበት ነገር ልምጣ።

ነይ ልልሽ አይደለም። ቦታሽ ተይዟል። ትናንት መልአክ የሚባል ሰው ቀጠርኩ፤ ድሬዳዋ ያደገ፣ እጁ የረጋ፣ ጥሩ መካኒክ ነው። ጋሽ ወልደሩፋኤልም ወደውታል። ይህን የምነግርሽ ለሥራ ፈልጌሽ የጻፍኩ እንዳይመስልሽ ነው።

የምነግርሽ ይህን ነው። ያን ቀን፣ ካምቢዮውን አውርደሽ "አሁን አልሄድም" ያልሽኝ ቀን፣ ከአፌ የወጣውን ሰምተሻል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን አላየሽም። አንቺ ልትሰግጂ ገባሽ፤ እኔ ወደ ሱቁ ሄድኩና ከአባቴ ባንኮኒ ጀርባ ብቻዬን ቆሜ ፈገግ አልኩ። ለቦቴዎቹ መስሎኝ ነበር፤ ሥራው አይቆምም ብዬ። ለቦቴዎቹ አልነበረም። እኔ ከአባቴ ሞት በኋላ በዚህ ከተማ የነበረኝ ሰው አንቺ ብቻ ነበርሽ። ማታ ግቢው ጸጥ ሲል ያንቺን ሳል ከወዲያኛው ክፍል እሰማለሁ፤ ሰው አለኝ እላለሁ። እናትሽ አንዲት ልጃቸውን ትተው ለብቻቸው ወደማያውቁት ብርድ ሊሄዱ መሆኑን እያወቅሁ፣ ልባቸው የደከመ መሆኑን እያወቅሁ፣ በዚያች ሰዓት ያሰብኩት እሳቸውን አልነበረም። አንቺ ዓይኔን አይተሽ ቀልደሽ አለፍሽው። የኔ ደስታ ግን አንቺ ካየሽው የበለጠ ነበር።

ብትሄጂ ኖሮ እናትሽ በሕይወት ይኖሩ እንደነበር አላውቅም። ልብ የሐኪም እንጂ የኔ ዕውቀት አይደለም። ግን ካሜራውን የሚይዝላቸው ሰው ይኖር ነበር። በረዶው መቼ እንደሚያልቅ እዚያው አጠገባቸው ሆኖ የሚነግራቸው ሰው ይኖር ነበር።

ይቅር በይኝ አልልሽም። ብልሽ ወዲያው "ተዪው አባዮ፣ የአላህ ነው" ትይኛለሽ፤ አንቺ ስትሰጪ ደግሞ ከትርፍሽ ሰጥተሽ አታውቂም፣ ከራስሽ ቆርሰሽ ነው። ያንን ከእንግዲህ አልፈልግም። ቢቻልሽ ተቆጪኝ። በስልክም ቢሆን፣ በቢሌ አፍም ቢሆን፣ በሱማሊኛም ቢሆን፤ ሁሉንም እችለዋለሁ። ካልቻልሽም ዝም በይኝ፤ ዝምታሽንም እወስደዋለሁ።

ጋሽ ወልደሩፋኤል ሰላም በዪልኝ ብለዋል። በአጠገቤ ተቀምጠው ምን እንደምጽፍ አልጠየቁኝም። ብቻ አሁን ተነስተው ሲሄዱ "ረጅም ይሁን" አሉኝ፣ "ለዚያች ልጅ አጭር ነገር ነው ስንሰጣት የኖርነው።"

እነሆ ረዘመ። ስትቀሪ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ኢስተሂል። ከሁሉ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ቢታንያ